ባሌ ሲሸፍት አርሲ ለምን አልሸፈተም?

(ሮቤ ላይ በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን ለዛሬው ምሽት የሰጠን ርእስ «አዲስ ነፃነት ባገኙ አገሮች የጎሣ ቅራኔ ወደ ጦርነት የሚያመራው ለምንድን ነው?» የሚል ነበር። እኛ የንግግሩ አዘጋጆች ግን ከተወያየንበት በኋላ ጥያቄውን ገልብጠን መያዝ መረጥን። ይኸውም ቅራኔ እያለ፣ በደል እያለ፣ የቋንቋና የሃይማኖት ልዩነት እያለ ጦርነት ሳይሆን የሚቀረው ለምንድን ነው? የሚል ነው። ምክንያታችንም ቀላል ነው። ስለተዋጉት ሕዝቦች የተጻፈው መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ሳይዋጉ ስለኖሩት የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። በሽተኛን ብቻ እየመረመረ ጤናማን አይቶ የማያውቅ ሐኪም ደግሞ የበሽታውን ምክንያት በትክክል ያገኘዋል ብለን አናምንም።

በመጀመሪያ ራቅ ብለን እንይ። በፈረንጆች 1960 በአንድ ዓመት ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ ወጡ። ወሰናቸውን ያሰመሩት አውሮፓውያን ነበሩና በየአገሩ ውስጥ ብዙ ቋንቋ፣ ብዙ ነገድ ተቀላቅሎ ቀረ፤ አንዱ ሕዝብም ለሁለትና ለሦስት አገር ተከፋፈለ። በዚያን ጊዜ ብዙ ታዛቢዎች ሁሉም ይቃጠላሉ ብለው ነበር። በእርግጥ የተቃጠሉ አሉ። ኮንጎ ነፃ ከወጣች ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካታንጋ ተገነጠልኩ አለች። ናይጄሪያ ከ1967 እስከ 1970 በቢያፍራ ጦርነት እጅግ ብዙ ሕዝብ በረኃብና በጥይት አጣች። የሱዳን ደቡብ ነፃነቱ ከመታወጁ በፊት ገና በ1955 ቶሪት ላይ ዐመፀ። ይሁን እንጂ ከመቶ በላይ ቋንቋ የሚነገርባት ታንጋኒካ በነገድ ምክንያት የእርስ በርስ ጦርነት አላየችም። ጀምስ ፊረንና ዴቪድ ላይቲን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን በ1996 ባወጡት ጽሑፍ፣ በአፍሪካ ጎን ለጎን ከሚኖሩና ሊጋጩ ይችሉ ከነበሩ ሕዝቦች ውስጥ በእርግጥ ወደ ግድያ የገቡት እጅግ ጥቂቶቹ መሆናቸውን አሳይተዋል። እኛ ይህ ቁጥር የሚያጽናናው ቤቱ ያልተቃጠለበትን ሰው ብቻ ነው እንላለን፤ ነገር ግን ሐሳቡ ይጠቅመናልና በኋላ እንመለስበታለን።

አንድ ሕዝብ በሁለት አገር መከፈሉ ብቻ ጦርነት ያመጣል የሚሉ አሉ፤ ለዚህም የሶማሌን ሕዝብ ይጠቅሳሉ። እኛ ደግሞ የኤዌን ሕዝብ እንጠቅሳለን። ኤዌዎች በእንግሊዝና በፈረንሳይ ግዛት ተከፋፍለው ሲኖሩ አንድ እንሁን እያሉ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አቤቱታ አቅርበዋል። በ1956 በእንግሊዝ በሚተዳደረው ቶጎላንድ የሕዝብ ድምፅ ተሰጠ። 58 ከመቶው ከጎልድ ኮስት፣ ማለት ከዛሬዋ ጋና ጋር መቀላቀልን መረጠ። ኤዌዎች የሚበዙበት ደቡቡ ክፍል ግን በአብዛኛው የተቃወመ ነበር። ስለዚህ የተከፋ ሕዝብ ነበር፤ ሁከትም አልጠፋም፤ ጦርነት ግን አልሆነም። በኬንያ ሰሜን ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1962 ወደ አካባቢው የተላከው ኮሚሲዮን አብዛኛው ሕዝብ ከሶማሊያ ጋር መሆን እንደሚሻ ቢያረጋግጥም እንግሊዝ አልተቀበለችውም፤ ከ1963 እስከ 1967 የሽፍታ ጦርነት የሚባለው ሆነ። አንደኛው ሕዝብ ተጠይቆ፣ ተቆጥሮ፣ ተሸነፈ፤ ሁለተኛው ተጠይቆ መልሱ መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈበት። በተጨማሪም ከወሰኑ ማዶ ጠመንጃ የሚሰጥ መንግሥት ነበረው።

አሁን ወደ ራሳችን አገር፣ ወደ ባሌ እንግባ።

ራስ ዳርጌ አርሲን ለብዙ ዓመት ተዋግተው የያዙት በ1870ዎቹ መጨረሻ ነው። ባሌ የተያዘው ከዚያ በኋላ በ1880ዎቹ ሲሆን ጎባም የጦር ሰፈር ሆና ከተማ ሆነች። በዋቤ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ያለው ሕዝብ በብዛቱ አርሲ ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋው አንድ፣ የዘር ሐረጉ አንድ፣ ሲንቄው አንድ ነው። የደረሰበትም በደል አንድ ዓይነት ነበር። መሬቱ በቀላድ ተለካ። ከፊሉ ለባላባት፣ የቀረው ለመንግሥት፣ ለነፍጠኛና ለባለውለታ ተደለደለ። ባለ መሬት የነበረው ጢሰኛ ሆኖ እርቦ ወይም ሲሶ፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ለባለ ርስት መክፈል ጀመረ። በመሬት ግብር ላይ አሥራት፣ በአሥራት ላይ የትምህርት፣ በትምህርት ላይ የጤና ግብር ተደረበ፤ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ ግን በአብዛኛው ገጠር አልደረሰም። ግብሩ ያደረበት ሰው መሬቱ ይወሰድበትና ለሌላ ይሰጥ ነበር። ፍርድ ቤት የሚሄደውም በማያውቀው ቋንቋ፣ በአስተርጓሚ፣ ዳኛውም ከሳሹም ወዳጅ በሆኑበት ችሎት ነበር። ይህን ሁሉ አባቶቻችን በየቤታችን ነግረውናልና ማርዘም አያስፈልግም።

ታዲያ በደል ብቻ ጦርነት የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ አርሲና ባሌ አብረው በሸፈቱ ነበር። አልሆነም። በ1955 ዓ.ም. የባሌ ዐመፅ ከኤልከሬ ተነሣ፤ ወዲያውም ወደ ዋቤና ወደ ደሎ ተዛመተ። በ1959 ዓ.ም. መባቻ የክፍለ ሀገሩ ትልቁ ክፍል ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ነበር። የአርሲ ጠቅላይ ግዛት ግን ዝም አለ። ዝምታው ከምቾት የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ከተቋቋመ በኋላ፣ ባለ መሬቶቹ ትራክተር ማረስ እንደሚያተርፍ ባዩ ጊዜ ጢሰኛውን ከመሬቱ ማባረር ጀመሩ። ከዚህ የበለጠ ምሬት ምን አለ? ግን ጭላሎ አልሸፈተም።

ይህን ነገር ይበልጥ የሚያስገርመን ባሌ ውስጥም እንዲሁ መሆኑ ነው። ሰፋሪው በብዛት የሰፈረው፣ መሬቱ በብዛት የተወሰደው፣ ጢሰኛውና ባለ ርስቱ በየቀኑ ፊት ለፊት የሚተያዩት እዚህ ደጋው ላይ፣ በጎባ፣ በሮቤና በሲናና ዙሪያ ነበር። በጎሣ ቅራኔ ሒሳብ ከሄድን የመጀመሪያው ጥይት እዚህ መተኮስ ነበረበት። የተተኮሰው ግን ከሰነቴ ተራራ ማዶ፣ ከሐረና ደን በታች፣ ሰፋሪ እምብዛም በሌለበት ቆላ ነው። ቅራኔው የበረታበት ቦታና ጦርነቱ የተነሣበት ቦታ የተለያዩ ናቸው። እኛ የዚህን ንግግር ዋና ነገር የምናየው እዚህ ላይ ነው።

ለምን? ገበሬ ማሳውን ይዞ አይሸሽም። እህሉ በማሳው ላይ ቆሞ፣ ቤቱ በቦታው ተተክሎ፣ ወታደሩ ጎባ ተቀምጦ ሳለ ጠመንጃ ማንሣት ማለት ልጅን ለረኃብ መስጠት ነው። ከብት አርቢው ግን ሀብቱ እግር አለው፤ ሲጠቃ ይሄዳል፤ ጠመንጃም ለከብቱ ጥበቃ ድሮውንም የለመደው ነው። መንግሥትም በቆላው የሚታወቀው በግብር ሰብሳቢው ብቻ ነበር፤ ዳኛው ሩቅ፣ መንገዱ የለም። በዚህ ላይ ወሰኑ አለ። ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት የሆነችው በ1952 ዓ.ም. ግድም ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሶማሊያ ነፃ ወጣች፤ በሰንደቅ ዓላማዋም ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አድርጋ ከአምስቱ ጫፎች አንዱ በእኛ ወሰን ውስጥ መሆኑን አወጀች። ለተከፋ ሰው ጠመንጃ የሚሰጥ ጎረቤት ተገኘ ማለት ነው። ጭላሎ ይህ ሁሉ አልነበረውም፤ አሰላም ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ ናት።

ጄኔራል ዋቆ ጉቱ እንዴት ወደ ሽፍትነት እንደገቡ ብታስቡ ነገሩ ግልጥ ይሆናል። የደሎው ሰው የተነሡት መጀመሪያ በአገር ነፃነት ወይም በጎሣ ስም አልነበረም። በግጦሽ መሬት የተነሣ ጠብ ነበር፤ ሹማምንቱ ሊፈርዱበት አልቻሉም ወይም አልፈለጉም፤ ሰውየውም በ1955 ዓ.ም. ወደ ሶማሊያ ሄደው ጥቂት ጠመንጃ ይዘው ተመለሱ። አንድ የወረዳ ገዥ አንድ የግጦሽ ክርክር በጊዜው ዳኝቶ ቢሆን ኖሮ የባሌ ጦርነት አይነሣም ነበር አንልም፤ የኤልከሬው ቀድሞ ተነሥቷልና። ነገር ግን ደሎ የሚኖረው መልክ ሌላ ይሆን ነበር።

«ነገሩ እስላምና ክርስቲያን፣ ኦሮሞና አማራ ነው» የሚል መልስ በቀላሉ ይሰጣል። ሃይማኖትና ቋንቋ ምንም አላደረጉም ማለታችን አይደለም፤ ሰው ሲሰባሰብ በሚያውቀው ስም ይሰባሰባል። ግን በዐመፁ ውስጥ ኦሮሞውና ሶማሌው አብረው ነበሩ፤ ከኦሮሞ ባላባቶች ደግሞ ከመንግሥት ጋር የቆሙ ነበሩ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ፣ ክርስቲያንና አማርኛ ተናጋሪ የሆነው፣ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሸፈተ፤ አውሮፕላንም ዘመተበት። ጎጃም በአንድ ዓመት ያህል ጸጥ ያለው ደግሞ ጎጃሜ ስለሆነ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ግብሩን ተዉለት፤ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሡለት፤ ከማዶ የሚያስታጥቀው መንግሥትም አልነበረም። ባሌ ግን ሰባት ዓመት ነደደ።

ሰባት ዓመቱ እንዴት አበቃ? ጦሩ፣ አውሮፕላኑና ነጭ ለባሹ የሠሩት ሥራ ከባድ ነበር፤ ብዙ መንደር ተቃጥሏል፣ ብዙ ከብት አልቋል። ሸፍቶቹም ሰፋሪውን አልማሩትም። ይሁን እንጂ ጉልበት ብቻውን አልጨረሰውም። በ1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ በወሰን ተዋግተው በካርቱም ተኩስ አቆሙ። በሐምሌ 1956 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች ካይሮ ተሰብስበው ከቅኝ ገዥ የተረከብነው ወሰን ይከበር ብለው ወሰኑ፤ ሶማሊያ ግን አልተቀበለችውም። መሐመድ ኢብራሂም ኤጋል ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ በጥቅምት 1960 ዓ.ም. አሩሻ ላይ በፕሬዚዳንት ካውንዳ ሸምጋይነት ከኬንያ ጋር ተስማሙ፤ ከኢትዮጵያም ጋር ነገሩ ረገበ። ለዋቆ ጉቱ ከማዶ የሚመጣው ቀጠነ። በባሌም ደጃዝማች ወርቁ እንቁ ሥላሴ ተነሥተው በኋላ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ተሾሙ፤ እሳቸውም ከበባውን ከምሕረት ጋር አጣምረው ያዙት። በመጋቢት 1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱ እጃቸውን ሰጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ማሯቸው። ሰባት ዓመት ለተዋጋ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ዋለልኝ መኮንን «ታገል» በተባለው የተማሪዎች ማኅበር ጋዜጣ ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን ታውቃላችሁ፤ ባሌንም በስም አንሥቷል። የካቲት 1957 ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡትም ተማሪዎች ነበሩ። ከእነሱ የምንወስደው አንድ ነገር አለ። ምሕረቱ የተሰጠው ለሰውዬው ነው እንጂ ለመሬቱ ጥያቄ አይደለም። ጢሰኛው ጢሰኛ፣ ቀላዱም ቀላድ ሆኖ ቀረ። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም፣ በ1958 ኢተያ ላይ ብዙ ሕዝብ ከሰበሰበ በኋላ፣ መሪዎቹ ታስረው በ1959 ተዘጋ። ማለትም በአፍ የሚናገሩበት በር በተዘጋበት ጊዜ በጠመንጃ የተናገሩት ሰው ምሕረትና ሹመት አገኙ። ይህ ለሚቀጥለው ትውልድ ምን ያስተምራል?

የሆነውንም አይተናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ ጢሰኝነት ቀረ። ትልቁ ምክንያት ተነቀለ ተብሎ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ግን ባሌ እንደገና ጦር ሜዳ ሆነ፤ ዋቆ ጉቱም በሶማሊያ የሚታገዘውን የሶማሊ አቦ ነፃ አውጪ ግንባርን ይዘው ተመለሱ። የሶማሊያ ጦር በ1969 ወረረ፤ ከዚያም የባሌ ገበሬ ከሌላው አገር ቀድሞ ወደ መንደር ምሥረታ ተነዳ። መሬቱ ቢመለስም ወሰኑ፣ ጠመንጃውና የማይጠይቅ መንግሥት በቦታቸው ነበሩ። ስለዚህ አንድን ምክንያት ብቻ ነቅሎ ሰላም ይሆናል ብሎ መጠበቅ፣ የመሬት አዋጁን ያህል ትልቅ ነገር እንኳ ቢሆን፣ አያዋጣም።

አሁን ወደ ሁለቱ አሜሪካውያን እንመለስ። እነሱ የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። ሁለት ጎረቤት ሕዝቦች ሳይፋጁ ከሚኖሩባቸው መንገዶች አንዱ እያንዳንዱ የራሱን ጥፋተኛ ራሱ ሲቀጣ ነው። የእኛ ልጅ የእናንተን ሲነካ የምንቀጣው እኛ ነን፤ የእናንተው ሲነካን ደግሞ እናንተ እንደምትቀጡት እናምናለን። እነሱ ይህን በሒሳብ ነው የጻፉት፤ የባሌ ሽማግሌ ግን ድሮውንም ያውቀዋል። ጉማ ምንድን ነው? ነፍስ ያጠፋው አንድ ሰው ቢሆንም ካሣውን ጎሣው በሙሉ ይከፍላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘመድ ነገረኛውን ልጅ አስቀድሞ ይይዘዋል፤ ከብቱ ሊሄድበት ነውና። ሲንቄስ? ያገቡ ሴቶች በትራቸውን ይዘው በሁለት ጠበኞች መካከል ሲቆሙ ጥሶ የሚያልፍ ሰው ነውረኛ ነው። ጉዲፈቻም አለ፣ ጡት መጣባትም አለ፤ በዚህ አገር ከሰፋሪው ወገን በዚህ መንገድ ዘመድ የሆኑ ቤቶችን ሁላችንም እናውቃለን። ባላ በትር ይዘው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ከሚጓዙት መካከልም ክርስቲያን አይጠፋም። ደጋው በ1955 ያልፈነዳበትን ምክንያት ስንፈልግ ማሳውንና ወታደሩን ብቻ ሳይሆን ይህንንም መቁጠር አለብን።

ነገር ግን ይህን እያሞገስን የምንጨርስ ከሆነ ራሳችንን እናታልላለን። ጉማ የሚሠራው በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ነው። ግብር ሰብሳቢ ሰው ሲደበድብ ጉማ የሚከፍልለት ጎሣ የቱ ነው? ሹም መሬት ሲወስድ ሲንቄ ይዞ የሚቆምበት ሜዳ የት ነው? ጠቡ በሕዝብና በሕዝብ መካከል ሲሆን ባሌ መፍቻ ነበረው፤ በሕዝብና በመንግሥት መካከል ሲሆን ግን አልነበረውም፤ የ1955ቱ ጦርነትም የገባው በዚሁ በር ነው። ሌላው ደግሞ ሥርዓቱ ሽማግሌ ይፈልጋል፤ የሚታወቅ ጎረቤትም ይፈልጋል። በሐምሌ 2010 ጎባ ላይ በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በአርሲና በባሌ ብዙ ከተሞች ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሥቷል፤ በዚህኛው ጊዜ አርሲ ዝም አላለችም። ወሬው ከሽማግሌው እግር ይልቅ በስልክ ፈጥኖ ደረሰ፤ ከቀጪዎቹ በፊት ወጣቱ ደረሰ።

እኛስ? በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ በተማሪ ላይ ተነሥቶ ነፍስ እንደጠፋና ብዙው ትምህርቱን ትቶ ወደ ቤቱ እንደሸሸ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከደብረ ታቦር፣ ከነቀምቴ፣ ከወላይታ፣ ከጅጅጋ መጥቶ ሮቤ ላይ የሚያድር ተማሪ እዚህ ጎሣ የለውም፤ ካሣ የሚከፍልለትም፣ የሚቆጣውም አባት አጠገቡ የለም። አንድ ማታ በመኝታ ቤት ሁለት ልጆች በስልክ ባትሪ መሙያ ቢጣሉ፣ በነጋታው የሁለት ብሔረሰብ ጠብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ግቢ የሚጠብቀው ፖሊስ የሚደርሰው ድንጋይ ከተወረወረ በኋላ ነው። ደግሞም ፖሊስ ሲገባ ጠቡ በተማሪና በመንግሥት መካከል ይሆናል፤ ለዚያ ዓይነቱ ጠብ መፍቻ እንደሌለን አሁን ተናግረናል።

ስለዚህ ለማኅበሩ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በእያንዳንዱ የመኝታ ሕንፃ ከየአካባቢው የመጡ ተማሪዎች ራሳቸው ሁለት ሁለት ሰው ይምረጡ፤ አንዱ ሴት ትሁን፤ በሴቶቹ ሕንፃ ደግሞ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ሥራ የራሳቸውን ወገን ጥፋተኛ መጀመሪያ ራሳቸው መጠየቅ ነው እንጂ የራሳቸውን ወገን መከላከል አይደለም። የተጎዳው ዕቃ ወይም የሕክምና ወጪ በአጥፊው ብቻ ሳይሆን ከእሱ ጋር በሚያድሩት መዋጮ ይከፈል። መምህራኖቻችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ተማሪ በአስተዳደሩ ላይ ያለውን አቤቱታ የሚሰማ፣ በተወሰነ ቀን መልሱን በጽሑፍ የሚሰጥ አንድ ሰው ይመደብልን፤ መልሱ እንቢታ ቢሆን እንኳ።

ሐሳቡን የሚቃወሙ ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን። ባለፈው ሳምንት በኮሚቴው ውስጥ «በየአካባቢው መምረጥ ራሱ መከፋፈል ነው» የሚል ጠንካራ ክርክር ቀርቦ ነበር፤ እኛም ገና አልጨረስነውም። የቀረውን ሰዓት ለዚሁ ክርክር ትተናል፤ መድረኩም የእናንተ ነው።